ሳልዶ ወይስ ራታ

ሰኞ

ዛሬም ደወሉ። የማስታምማቸውን ጣሊያናዊት ሲኞራ ፀጉር እያጠብኩ ነበር። እጄ አረፋ በአረፋ ሆኖ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል። «አንሺው እንጂ፣ ባልሽ ይሆናል» አሉኝ ሲኞራ። ባሌማ ቢሆን ምን ነበረበት! የብድር ካርዱ ሰዎች ናቸው። ሁለት ዓመት በየወሩ ስከፍላቸው ኖሬ፣ አንድ ወር ብዘገይ ቁም ስቅሌን ያሳዩኛል።

ባሌ ተስፋዬ ዕዳውን አያውቅም። የኦስቲያ የባሕር ዳር ሥራው በጋ እስኪገባ ቆሟል፤ ቤት ውሎ ግድግዳ ያያል። ቤት አልኩ ደግሞ! ፖንቴ ማሞሎ የሚባል ሰፈር፣ ከሌላ ቤተሰብ ጋር በተጋራነው አፓርታማ ውስጥ አንዲት ክፍል። ልጃችን ሚሚ ከመጋረጃ ወዲያ ትተኛለች። ጓደኛ ይዛ መምጣት ካቆመች ቆየች።

እሑድ ዕቁቡ ይደርሰኛል። ለአዲሱ ቤት ካፓራ፣ ማለትም ለቀብዱ ነው። ሁለት ክፍል። ሚሚ አልጋዋን የት እንደምታስጠጋ ሳይቀር ወስናለች።

ረቡዕ

እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ።

ካርዱን የሰጡኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የገዛን ቀን፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ሻጯ ልጅ ጥፍሯን እያየች «ሳልዶ ወይስ ራታ?» አለችኝ። ሳልዶ! በየዓመቱ ጥር ወር በየሱቁ መስታወት ላይ «ሳልዲ» እያሉ የሚለጥፉት፣ የዋጋ ቅናሹ መሰለኝ። ቅናሽ ባለበት ተንኮል አይጠፋም። እኔ ብልጧ፣ ደረቴን ነፍቼ «ራታ» አልኩ።

ከዚያ እናቴ ሞተች። ትኬቱም፣ የቀብሩም፣ የለቅሶውም ወጪ በዚያው ካርድ አለፈ።

ሐሙስ

የግማሽ ቀን ዕረፍቴን ይዤ የካርዱ ሰዎች ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። የከፈልኩትን ሁሉ ወለዱ በልቶታል፤ ዋናው ዕዳ ፈቀቅ አላለም።

ለምን ሳልዶ አላሉም ነበር፣ አለኝ። ሳልዶ ማለት በወሩ መጨረሻ ሁሉንም ከፍሎ መገላገል ነው፤ ወለድ የለውም። ራታ ግን በየወሩ ትንሽ ትንሹን ከነወለዱ መክፈል ነው።

«ቅናሽ መስሎኝ» አልኩት።

ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁሉንም በአንዴ ከየት አመጣ ነበር? ከዕቁቡ ነዋ! ሐዘን ለደረሰበት ተራ ማስቀደም ልማዳችን ነው። እናቴ ሞታ «አስቀድሙልኝ» ብል ማን እምቢ ይለኝ ነበር? እኔ ግን ካርድ አለኝ፣ ሰው አላስቸግርም ብዬ ኮራሁ። ያቺን ኩራት ነው ስከፍል የኖርኩት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የዕቁቡ ሰብሳቢ እትዬ አስቴር ብሩን በፖስታ ሰጡኝ። ዩሮ ነው፤ እኛ ግን ዛሬም ብር ነው የምንለው። «ለቤቱ ያድርግልሽ!» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ሳምኳቸው፣ ሳቅሁ፣ «እናንተ ትመጣላችሁ፣ ትመርቁልናላችሁ» አልኩ። ምላሴ እንዴት ታዘዘልኝ?

ሜትሮ ውስጥ ስለ ዕዳው፣ የዕቁቡም ብር ለእሱ እንደሚሄድ ለተስፋዬ ነገርኩት። ሚሚ ራቅ ብላ ተቀምጣ ነበር። ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ።

«ለእናትሽ ቀብር ነው። ምን እላለሁ?» አለ። ቀጥሎ «ለልጅቷ ግን አንቺ ንገሪያት።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ

ከፈልኩ። ሰውዬው «ሳልዶ?» አለኝ። «ሳልዶ» አልኩ፣ አሁን ገብቶኝ። ከፖስታው የተረፈው ለቀብዱ ሩብም አይሆንም።

ልወጣ ስል ፈገግ ብሎ ተከተለኝ። ካርዱ አሁን ከዕዳ ነፃ ነው፣ ከነገ ጀምሮ እንደ አዲስ መጠቀም ይችላሉ፣ አለኝ። ይዝጉልኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሳልለው ወጣሁ።

ለሚሚ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ቫ ቤኔ፣ ማማ፤ እሺ» ብላ መጋረጃዋን ሳበች። እኔ ነኝ ኩሽና ገብቼ ያለቀስኩት።

ማታ የአዲሱ ቤት ባለቤት ለተስፋዬ ደወለ። እስከ ዓርብ ይጠብቀናል፤ ከዚያ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።

«ያንን ነገር ዘጋሽው?» አለኝ ተስፋዬ ስልኩን አስቀምጦ።

«ዘጋሁት» አልኩ።

ዕዳውን ማለቱ ነው እንጂ ካርዱን አላለም። ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።