አባዬ ጥርሱን ያሳየ ዕለት

ይድረስ ለእምዬ፣ ለእናቴ እናት፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ታረቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል? የቀኝ ጆሮሽ ለሐሜት ብቻ ነው የሚሠራው የሚሉት እውነት መሆኑን ስመጣ በሹክሹክታ እፈትነዋለሁ። እኛ ደህና ነን። እንዲያውም ከደህናም በላይ፤ እኔ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን አሸንፌያለሁ።

ነገሩ የአባዬ ነው። መቆጣት ካማረሽ እስከ መጨረሻው አንብቢና ከዚያ ተቆጪ።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሊሆን ነው። አባዬ ያን ጊዜ ሁሉ ከፎቶ ቤቱ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ፎቶ ቤቱ ነው። እኔ ደግሞ ያ የሩቁ አዳሪ ትምህርት ቤት ተቀብሎኛል። ወረቀቱ ሲደርሰኝ ለማንም ሳልናገር ፍራሼ ሥር ደበቅሁት። ለመልሱ የሰጡኝ ሦስት ወር ነበር። ለምን ደበቅሽ ብትዪኝ፣ እራት ላይ አባዬ ከእኔ ጋር ካላወራ የሚያወራው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው። ዜና አንባቢውን ክራባትህ ተጣሟል እያለ ይመክረዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ለማን ጥዬው ልሂድ?

ታዲያ ከፎቶ ቤቱ ጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ አባዬን የስልክ ትውውቅ አስተማረው። እንዲገባሽ፣ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ደላላ በዪው። የሴቶቹን ፎቶ ለወንዶቹ፣ የወንዶቹን ለሴቶቹ ያሳያል። የወደድሽውን በጣትሽ ወደ ቀኝ ትገፊያለሽ፣ ያልወደድሽውን ወደ ግራ። ሁለቱም አንዳቸው ሌላቸውን ወደ ቀኝ ከገፉ «ማች» ይባላል፤ ያኔ መጻጻፍ ይፈቀዳል። አባዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣቱ እስኪቀጥን ገፋ። እሱን ወደ ቀኝ የገፋች አንዲት ነፍስ አልተገኘችም።

ፀጉር አስተካካዩ በሽታውን ወዲያው አወቀው። ስላልከፈልክ ነዋ፣ ካልከፈልክ የሰልፉ ጭራ ላይ ነው የሚያቆሙህ፣ ክፈልና ፊት ትወጣለህ አለው። ይህን የሚለው ሰውዬ ራሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፋይ አባል ሆኖ ምሳውን ከመስታወቱ ጋር የሚበላ ነው። እኔ ዋጋ የለውም አልኩ። አባዬ፣ አንቺ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለ ትዳር ምን ታውቂያለሽ አለኝ። ስለ ትዳር ምንም አላውቅም፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ ማድረጊያ ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ። የአንድ ወር ከፈለ። ወሩ አልቆ ምንም ካልተገኘ ይህን ነገር ዳግመኛ አልነካም፣ ብቻዬን ኖሬ ብቻዬን አረጃለሁ ብሎ ማለ።

አልዋሽሽም፣ ክፍያው ሥራውን ሠርቷል። በፊት በቀን አሥር ሴት ብታየው ነው፤ አሁን መቶ አየችው። መቶዋም ወደ ግራ። ቀስ እያለ ይናቅ የነበረ ሰው በፍጥነት ይናቅ ጀመር።

ሴቶቹ የሚያዩት ምንድን ነው ብዬ አንድ ቀን ስልኩን ከፈትኩ። እምዬ፣ ያስቀመጠው ጉርድ ፎቶ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ለመታወቂያና ለፓስፖርት ሲያነሳ የኖረ ሰውዬ ራሱንም እንደዚያው አንስቶታል። ከኋላ ነጭ መጋረጃ፣ አንገት ቀና፣ አገጭ ዝቅ፣ ሁለቱም ጆሮ በግልጽ፣ ጥርስ የሚባል የለም። ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ይመስላል፤ ያውም ተይዞ ያመነ። ምነው ስለው ደንቡ ነው አለኝ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ደንብ ብዬ ብጠይቀው፣ ጆሮ መታየት አለበት አለ። ሴቶቹ ድንበር ሊያሻግሩህ ነው እንዴ ስለው ተቆጣ። ሌላ ላንሳህ ስለው ደግሞ፣ የባለሙያ ፎቶ እያለ የልጅ ፎቶ አላስቀምጥም አለ።

እኔም አድፍጬ ጠበቅሁት።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን ለፓስፖርት ልታስነሳ መጣች። ሕፃኑ ካሜራውን ሲያይ ለቅሶውን ለቀቀው። አባዬ እንደ ዶሮ ጮኸ፣ የቁልፍ ዘለላ አንሿሿ፣ ምንም። እኔ ከመብራቱ ጀርባ ነበርኩ። እንግዲህ እንዳትቀየሚኝ፣ አንቺን ሆንኩ። ትርፉን መጋረጃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ፤ አንድ እጄን ወገቤ ላይ፣ የሌላውን ጣቴን ወደ አባዬ ቀስሬ፣ አንተ ሰውዬ፣ ልጄን የሰጠሁህ እንድታከሳት ነው ወይ አልኩት፤ በዚያ በአፍንጫ በሚወጣው ድምፅሽ። ሕፃኑ ዝም አለ። አባዬ ግን ፈነዳ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ አፉ እስከ መንጋጋው ተከፍቶ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ከጆሮው አንዱ ብቻ እየታየ። በስልኬ ያዝኩት።

ወሩ ያለቀ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ አድስ እያለ ቢጎተጉተው አባዬ በቃኝ አለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ደንበኛ ሊያነሳ ሲገባ ፎቶውን ቀየርኩት። ክፍያ የለም፣ ቦታው የሰልፉ ጭራ።

በአራተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። አባዬ ውኃ ይቋረጣል የሚል መልእክት መስሎት ባልዲ ሊሞላ ተነሳ። ማች ነበር። ሴትየዋ ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። የመጀመሪያ መልእክቷ ሰላምታ እንኳ የለውም፤ ከላይ በግራ በኩል ያለውን መንጋጋህን ማን ነው የሞላልህ፣ ሙያ የለውም ይላል። አባዬ ፎቶውን አይቶ ግንባሩን ያዘ፣ እኔን ፈለገኝ፣ ከዚያ መልስ መጻፍ ስለነበረበት መቆጣቱን ረሳው። አንድ ሰዓት ፈጀበት። ስደርስ «ክብርት ሆይ» ብሎ ጀምሯል፤ አስጠፋሁት።

ይኸው ከተገናኙ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ባለፈው እሑድ እኔም አየኋት። አጭር፣ ፈጣን፣ ነገር የማትሸፋፍን ናት። ያን ጉርድ ፎቶ ሳሳያት ሻይዋ ትን አላት። ይሄ ሰውዬ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ድቅን ይልብኝ ነበር፣ አራት ጊዜ ወደ ግራ ገፍቼዋለሁ፣ አንተ ነህ እንዴ አለችው። አየሽ እምዬ? ከፍሎ አራት ጊዜ በሯ ላይ ቆመ፣ አራት ጊዜ ዘጋችበት። በነጻ፣ ከጭራ መጥቶ ገባ። ይህን ለፀጉር አስተካካዩ ስነግረው መቀሱን አስቀመጠ። በማግሥቱ አንሺኝ ብሎ መጣ። እሱን ማሳቅ ከባድ ሥራ ነው፤ እስካሁን እየታገልኩ ነው።

የትምህርት ቤቱን ወረቀት አውጥቼ ፈርሜ ልኬዋለሁ። አባዬም ፈርሟል። መጀመሪያ ደበቅሽኝ ብሎ ጮኸ፣ ቀጥሎ አለቀሰ፣ ከዚያ ስንት ብርድ ልብስ ትፈልጊያለሽ አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አባዬ ለአንቺ ደብዳቤ እየጀመረ አምስት ጊዜ ቀዶታል። ከቅርጫቱ ለቅሜ አየሁት፤ አምስቱም «እማማ፣ ቅር እንዳይልዎ» ላይ ነው የሚቆሙት። እሱ ስላቃተው እኔ ጨረስኩለት። ቅዳሜ ልናይሽ እንመጣለን። አባዬ ሁለታችን ነን ይላል። ሴትየዋም አያትሽ ሳይጠሩኝ እግሬን አላነሳም፣ ከመናኸሪያው እሸኛችሁና እመለሳለሁ ብላለች። ስለዚህ እስከ ዓርብ ለአባዬ ደውዪለት። ንግግር አይጠበቅብሽም፤ ሁለት ወይም ሦስት ብለሽ መዝጋት ነው። ብቻ ያን ሳቅ ያመጣው የአንቺ ቁጣ መሆኑን አስቢበት፤ እጅሽ አለበት።

የቅዳሜ ቲኬት ቶሎ ስለሚያልቅ ግን ሦስት ቆርጫለሁ።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዓይንሽን ያብራልኝ፣ ከእኛ ጋር ሳቂና ተቆጪ ብሎ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

የልጅሽ ልጅ