የ«አንኳኳሁ» ፕሮዲውሰር «ትንፋሽ» ዕረፍትና ያልተጠራው ሦስተኛ ስም

የስቱዲዮ ባለሙያዎችና የራፐሮች ማኅበራችን መሥራች አባሉን፣ በሙያ ስማቸው «ትንፋሽ» ተብለው የሚታወቁትን ፕሮዲውሰር፣ ባደረባቸው የልብ ሕመም ምክንያት በሞት አጥቷል። ሐዘናችን ከባድ ነው። አባላት፣ የሥራ ባልደረቦችና አድማጮች ዜናውን ከእኛ ከራሳችን እንዲሰሙ ወደድን።

ትንፋሽ ሥራ የጀመሩት በ1998 ነው። ስቱዲዮአቸው ቀድሞ የልብስ መጋዘን የነበረ ጠባብ ክፍል ሲሆን ግድግዳውን ያለበሱት በአሮጌ ፍራሽ ነበር። ራፐሮችን አንድ በአንድ አስገብተው ያለ ሙዚቃ ይቀርጿቸዋል፤ ሙዚቃውን የሚሠሩት ከቃሉ በኋላ ነው። ራፐሩ አየር ሲስብ የሚሰማውን ድምፅ ቆርጠው አይጥሉም። ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው።

በ2009 «አንኳኳሁ» የተሰኘው ዘፈናቸው ወጣ። ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሁሉ እሱን አለ። በዘፈኑ ውስጥ የሚመታው ያ ከበሮ ምንድን ነው ተብሎ ብዙ ተጠይቋል። ከበሮ አይደለም፤ በጣት አንጓ የተመታ የስቱዲዮው የቆርቆሮ በር ነው።

ሌላም ጥያቄ ነበር። እኒህ ሰው ትልቁን ሥራቸውን መድረክ ላይ አንድም ቀን ያላጫወቱት ለምንድን ነው? ኮሩ ተባለ። ሰለቻቸው ተባለ። መልሱን ማኅበራችን ያውቃል። በዘፈኑ የተጋበዙት ራፐሮች ሦስት ነበሩ፤ ሽፋኑ ላይ የወጡት ግን «ቁምጣው» እና «ጎረቤት» ብቻ ናቸው። የዘፈኑን ሦስተኛ ክፍል ራሷ ጽፋ ራሷ ያለችው «ሚስማር» ናት። አሳታሚው ድርጅት «የሴት ራፕ ማን ይሰማል?» ብሎ ስሟን ከሽፋኑ ሰረዘው፤ ድምፅዋም ለአድማጩ በማሽን የቀጠነ የቁምጣው ድምፅ መሰለው። ትንፋሽ ስሟ እስኪመለስ ዘፈኑን በመድረክ ላለማጫወት ወሰኑ፤ በቃላቸው እንደጸኑም አለፉ።

በአደባባይ ለምን አልተናገሩም? ይህን አናውቅም። ስንጠይቃቸው «ተዉኝ እስቲ» ብለው የጆሮ ማዳመጫቸውን ያጠልቁ ነበር። የራፐር ትንፋሽ እንኳ የማይቆርጡ ሰው ስም ሲቆረጥ እንዴት ዝም አሉ? ዛሬም ይገርመናል። ብናዝንላቸውም ዝምታቸውን አናመሰግንም።

ይህን መግለጫ ያዘጋጀችው የማኅበሩ ጸሐፊ ሚስማር ራሷ ናት። ጉዳዩ የግሏ ነው የሚል ካለ፣ አዎ፣ የግሏ ነው። ማኅበሩም አንብቦ አጽድቆታል።

አሳታሚው ድርጅት ለመጪው ቅዳሜ የመታሰቢያ ኮንሰርት ጠርቷል፤ ሦስተኛውን ክፍል ቁምጣው እንዲለውም ጠይቋል። ቁምጣው «የራሴን ቃል እንኳ እየረሳሁ የሰው ልሸከም?» ሲል መልሷል። የሟች ባለቤትም ለጸሐፊያችን ደውለው «ልጄ፣ ያንቺን ማንም እንዳይነካው» ብለዋል። ስለዚህ አስተዋዋቂው ሦስቱንም ስሞች ካልጠራ አባላታችን መድረኩ ላይ ቆመው ራሳቸው እንዲጠሩ ማኅበሩ ወስኗል።

ለባለቤታቸው፣ ለሴት ልጃቸው፣ በዚያ ጠባብ ክፍል አብረዋቸው ላረጁ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ቅዳሜ እንመጣለን። ተራዋ ሲደርስ ሚስማር ማይኩን ትይዛለች፤ ካጠፉባትም ያለ ማይክ ትለዋለች።