በሰባተኛው ወር የወጣሽው ደረጃ

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉንፋኑስ ተሻለሽ? ስፌቱስ እንዴት ነው? ዛሬም ጥቅል ጨርቅ የምታነሣልሽ ጎረቤትሽ ናት አሉ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ ነው የምለው።

«ዓሣ ጠባቂዋ» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። እውነትሽን ነው። ቤተ ሙከራችን ውስጥ ጣት የማያህሉ ዓሦች እናረባለን። እንቁላላቸው እንደ መስታወት ስለሆነ ልባቸው ሲሠራ በማጉያ ይታያል። በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፤ ያን ጊዜውኑ መምታት ይጀምራል። በማግስቱ ይታጠፍና ክፍሎቹ ይለያሉ። መቼና ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያዙት ጂኖች ናቸው።

በቀደም ከአንድ ጥንድ ዓሦች እንቁላል መካከል ልባቸው ሳይታጠፍ የቀረ አየሁ። ወዲያው ገንዳዎቹን በምትጠብቀው ሴትዮ ላይ ጮኽኩ፤ ውሃውን አቀዝቅዘሽ ነው አልኳት። እሷም እጇን እያደረቀች፣ ውሃው ቢሆን ሁሉንም በጎዳ ነበር፣ ይልቅ ቁጠሪያቸው አለችኝ። ቆጠርኩ፤ ከአራት አንድ። ደግመን አራባን፤ ያው ከአራት አንድ። እናትና አባት ጤነኞች ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው አንድ የተበላሸ ጂን ይዘዋል። ከሁለቱም የወረሰው ነው የሚጎዳው። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቅኳት። የእሷስ ቀላል ነው።

እትዬ፣ ያን ሳሎን ታስታውሺዋለሽ። ሕፃንሽ በልቡ ሕመም ሞቶ በተቀበረ በሳምንቱ አማትሽ «የተማረ ይግደለኝ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ጨርቅ ተሸክማ ሦስት ፎቅ በመውጣቷ ነው ወይስ ከዘር የመጣ ነው ብለው ጠየቁኝ። ሁሉም አፍ አፌን ያየኛል። በወሩ ላገባ ነበር፤ የእጮኛዬ እናትና አክስት ከፊቴ ተቀምጠዋል። ድካሙ ይሆናል አልኩ።

ዋሸሁ። የሕፃኑ ሐኪም የደም ምርመራውን ውጤት፣ አንቺም ባልሽም እንደ ዓሦቹ አንድ አንድ የተበላሸ ጂን መያዛችሁን፣ ኮሪደር ላይ ለእኔ ነግሮኝ ነበር፤ «አንቺ ሙያሽ ስለሆነ በደንብ ታስረጂያቸዋለሽ» ብሎ። የሰው ልብ ሁለተኛው ወር ሳያልፍ ቅርጹን ይይዛል፤ አንቺ ደረጃውን የወጣሽው በሰባተኛው ወር ነው። ጥፋቱ የአንቺም የባልሽም አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ልጅ እምቢ ስትይ፣ ባዶ ባልዲ እንኳ ለማንሣት ስትፈሪ እያየሁ ዝም አልኩ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው! ከአራት ሦስቱ እኮ ደኅና ይወለዳሉ፤ ይህን ልነግርሽ ይገባ ነበር። ይቅር በይኝ ለማለት ፊት የለኝም። ብቻ ጥቅልሽን ራስሽ አንሺው።

ደሜን አስመርምሬያለሁ፤ እኔም ይዤዋለሁ። የባለቤቴ ውጤት ገና አልደረሰም።

ሐሙስ ጠዋት የእርግዝና ሐኪሜ ልብ ልታሳየኝ ቀጥራኛለች። የዓሣ አይደለም። አብሮሽ የሚመጣ ማን ብዬ ልጻፍ ስትለኝ፣ ሳላስበው የአንቺን ስም ነገርኳት። ብትቀሪም አልቀየምሽም።

እጅሽን አያድክመው፤ ሐዘንሽን በደስታ ይተካልሽ።

ታናሽሽ