አምስተኛውን ትምህርት ስላለማስተማሬ

ለተከበሩ የልብስ ንጽሕና ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት አቀርባለሁ። ቢሮዎ ከቦይለሩ ክፍል መቶ ሃምሳ ሜትር የራቀና ሁለት ወፍራም ግድግዳ የጋረደው በመሆኑ፣ ምኞቴ ገና ሳልመኘው በከፊል ተሟልቶ ማግኘቴ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ሠራተኞችዎን እንግሊዝኛ እንዳስተምር ባለፈው ወር የቀጠሩኝ፣ በምሳ ሰዓት በሳሙናው መጋዘን ሰሌዳ ሰቅዬ የምቆመው አስተማሪ ነኝ። ሰሌዳው የተሰቀለበት ግድግዳ ከወዲያ በኩል የቦይለሩ ክፍል ግድግዳ ነው። ስለዚህ የእኔም ጤና እስከዚህች ሰዓት ድረስ ደህና ነው፤ ስለ ከሰዓት በኋላው ግን ቃል አልገባም።

ይህን ደብዳቤ በዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ፈርቻለሁ። ለጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ጊዜ ያስገባሁት ማመልከቻ «ቅርጹን ያልጠበቀ» ተብሎ ስለተመለሰልኝ፣ ቅርጽ የማይጠየቅበት ቦታ ፈልጌ ነው። ጉዳዮቼን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ያለው ነገር ስለሚወድ።

አንደኛ፣ ስለ ብልሽት መዝገቡ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ማንኛውም ብልሽት በእንግሊዝኛ ብቻ፣ የማንም ሰው ስም ሳይነሣ እንዲጻፍ ያወጡት መመሪያ፣ ማንም በስሙ እንዳይወቀስ የታሰበበት ርኅራኄ መሆኑ ገብቶኛል። ከመመሪያው በፊት እንዲህ ያለ ርኅራኄ አልነበረም። ማሽኑ ሲተነፍስ ጆሯቸውን ሰጥተው ስለሚያዳምጡ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ትንፋሽ» የሚላቸው የቦይለር ሠራተኛ፣ በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ሳያፍሩ በገዛ ቋንቋቸው «ይኼ ቫልቭ አርጅቷል፤ እንፋሎት ሲበዛ ካላስተነፈሰ አንድ ቀን ሁላችንንም ይጨርሰናል» ብለው በመዝገቡ ላይ ጽፈው ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ስሜት የበዛበት» የሚል ማስታወሻ አኖረበት። እኔ የተቀጠርኩት ያንን ስሜት እንዳወጣላቸው ነው።

ሁለተኛ፣ ራስዎ ስላዘጋጁት ባለ አምስት ምዕራፍ የትምህርት ዕቅድ። «መስት ቢ» መደረግ አለበት፣ «ሹድ ቢ» ቢደረግ ይሻላል፣ «ሜይ ቢ» ሊደረግ ይችል ይሆናል፣ «ካን ቢ» መደረጉ አያቅትም፤ አምስተኛውን ወደ በኋላ አቆየዋለሁ። አድራጊው ሳይጠራ ሥራው ብቻ የሚወሳበት ይህ አነጋገር ለእንዲህ ያለ መዝገብ የተሰፋ ልብስ ነው። ጋሽ ትንፋሽም መነጽራቸውን በክር አስረው፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከልጅ ልጆቻቸው በማይተናነስ ትጋት ተማሩ። በሁለተኛው ሳምንት «ዘ ቫልቭ መስት ቢ ሪፕሌስድ»፣ ቫልቩ መለወጥ አለበት፣ ብለው ያለ አንዳች ስሕተት ጻፉ። ክቡርነትዎ በደስታ ዓረፍተ ነገሩን አሳድገው አሳትመው፣ በመስታወት አስገብተው በመግቢያው አዳራሽ አሰቀሉት። ቫልቩ ግን እዚያው ነው። በመዝገቡ ላይ የተሰጠው መልስ «ሜይ ቢ ኮንሲደርድ» ይላል፤ ሊታሰብበት ይችል ይሆናል ማለት ነው። ማኅተሙ ግሩም ነው፤ ክቡም አልተዛባም።

በዚያ ቀን ከተማሪዎቼ አንዷ፣ በካውያ ክፍል የምትሠራው ታላቅ እህቴ፣ እጇን አውጥታ «እሺ፣ ማነው የሚለውጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የአስተማሪ ኩራቴን ለብሼ፣ በዚህ አነጋገር ያንን መጥቀስ አያስፈልግም ብዬ መለስኩላት። እህቴ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ያንን መልሴን ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ።

ሦስተኛ፣ በመዝገቡ የሚጻፍ ነገር አይፈጸምም እያሉ የሚያሙዎትን ሰዎች ሐሜት ውድቅ ለማድረግ፣ በተጻፈበት ቀን የተፈጸመ አንድ ዓረፍተ ነገር መኖሩን እመሰክራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት እንግዶች ሊጎበኙን ሲመጡ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ በመዝገቡ ላይ «ዘ ኖይዝ መስት ቢ ስቶፕድ» የሚል ተጻፈ። ድምፁ መቆም አለበት። ድምፅ የተባለው ያ አሮጌ ቫልቭ ትርፍ እንፋሎት ሲያስተነፍስ የሚያሰማው ፉጨት ነበር። እንግዶቹ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ቫልቩ በወፍራም ሽቦ ተጠፍሮ ታስሮ ተገኘ። ማን እንዳሰረው በመዝገቡ አልተጻፈም፤ መመሪያው ስለማይፈቅድ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይህ የተባለው ግን ለሰው እንጂ ለቦይለር አይመስለኝም። ጋሽ ትንፋሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን አይጨርሱም። «ሲጮህ አልፈራውም ነበር ልጄ፤ አሁን ዝም አለኝ» አሉኝ፤ ሲነግሩኝም ዓይኔን አላዩኝም። በምሳ ሰዓት ካውያዎቹ ሁሉ ስለሚቆሙ እንፋሎቱ መሄጃ ያጣል፤ የመለኪያውም መርፌ ቀዩን መስመር ያልፋል። እርሳቸው ከትምህርቱ መሀል በየአሥር ደቂቃው እየወጡ እሳቱን ይቀንሳሉ፤ እንዳያጠፉት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማጥፋት ከሥራ ያስወጣል። በወጡ ቁጥር እኔ ማስተማሬን እቀጥላለሁ፤ ጀርባዬ ላይ ግድግዳው ይሞቃል። ትናንት ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት ጠመኔ ማንም ሳይነካው ተንከባሎ ወደቀ። ሠላሳ ሁለቱም ሴት ተማሪዎቼ ጠመኔውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ አነሣሁና «ካን ቢ» ብዬ ቀጠልኩ።

አራተኛ፣ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ጉዳይ። በዕቅድዎ መሠረት ዛሬ አምስተኛውንና የመጨረሻውን ምዕራፍ ማስተማር ነበረብኝ፤ «ሹድ ሃቭ ቢን»። መደረግ ነበረበት ማለት ነው። መልመጃውን ትናንት ማታ ሳዘጋጅ፣ ምሳሌ ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም፤ እጄ ራሱ «ዘ ቫልቭ ሹድ ሃቭ ቢን ሪፕሌስድ» ብሎ ጻፈ። ቫልቩ መለወጥ ነበረበት። በዚያው እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚነገር አውቃለሁ። በድንኳን ውስጥ፣ በአጣሪ ኮሚቴ ሪፖርት፣ እርስዎ ጥቁር ልብስ ለብሰው በሚያነቡት የሐዘን መግለጫ ነው የሚነገረው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው። እህቴ ሁለት ልጆች አሏት። ይህን ሰዋስው ለእርሷ ማስተማር፣ የራሷን መርዶ እንድትጽፍ እስክሪብቶ ማቀበል ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ አምስተኛውን ትምህርት ዛሬም ሆነ ወደፊት አላስተምርም። ለዚህ ጉድለቴ ተገቢው ቅጣት ሊወሰንብኝ ይችላል፣ ይገባልም፤ ቅጣት ላይ ግን አድራጊው ሁልጊዜ ይታወቃል።

አንድ ነገር ለመጠየቅ ብዙ ወረቀት አባከንኩ። የምጠይቀው ሽቦውን የሚፈታና ቫልቩን የሚለውጥ የአንድ ሰው ስም ነው። ረጅም ስም ባይሆንም አልቀየምም።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ሊሰጡኝ ይችሉ ስለነበረ፣ ርቀትዎን ጠብቀው በጤና እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ለመስታወቱ፣ ለማኅተሙና ለዝምታው ከልብ አመሰግናለሁ።

በታላቅ አክብሮትና በታላቅ ፍርሃት፣
በሞቀው ግድግዳ ሥር የምትቆመው የምሳ ሰዓት አስተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህችን በእጄ የጨመርኩት ደብዳቤው ከተለጠፈ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ጋሽ ትንፋሽ ወደ ቢሮዎ ተጠርተው በሄዱበት፣ ወደ ቦይለሩ ክፍል ገብቼ እሳቱን አጥፍቻለሁ። አልተቸገርኩም፤ ማጥፊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ከመመሪያዎ በፊት የተለጠፈ ስለሆነ በገዛ ቋንቋችን «አጥፋ» ይላል። በሩንም ቆልፌ ቁልፉን ይዣለሁ። እርሳቸው ለጡረታ አራት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው፤ በዚህ ነገር እጃቸው የለበትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በመዝገቡም እንዲሁ ብዬ ጽፌአለሁ። ቁልፉን ለመቀበል ሲመጡ ሽቦውን የሚፈታውን ያንን ሰው ይዘውት ይምጡ። እስከዚያው በመስኮትዎ ወደ ግቢው ቢመለከቱ፣ ሴቶቹ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ሲበሉ ያያሉ። እባክዎ ይቁጠሩልኝ። ሠላሳ ሁለት ናቸው፤ ዛሬ አንድም አልጎደለም።