የቅዳሜ ሹፌሬ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

«ጥፋት የለብህም። ማታ ማታ ወጣት ሹፌር ሳይ አስቆማለሁ።»

ትናንት ፖሊሱ ለልጄ ለቅዱስ ያለው ይኸው ነው። ከሥራ ሲመለስ፣ እዚሁ ሰፈራችን ማርቲንዴል፣ ቤት ሊደርስ ሲል። ቃል በቃል ንገረኝ አልኩት፤ ሁለቴ አስደገምኩት። «ኢትስ ፋይን አባ፣ ቲኬት እንኳን አልሰጠኝም» ይላል። ጥፋት ከሌለ ቲኬቱ ከየት ይመጣል? በዚህ ወር ሲያስቆሙት ሦስተኛው ነው።

ጠዋት እንደወትሮው ራንድል ሰፈር ሄደን ፀጉራችንን ተስተካከልን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ጎኑ። ቤት ውስጥ ሁለት ቃል የማይወጣው ልጅ መሪ ሲይዝ ያወራል። ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ሩታ ስለምትባል ልጅ... ዓይኑ መንገዱ ላይ ስለሆነ ይሆን? መንገዱ ሁልጊዜ ያጥርብኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ እኔ እያለሁ አስቆሙት። በጠራራ ፀሐይ። ማታ ማታ ነው አላሉም ነበር?

ፖሊሱ ሲመጣ በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ሰው በእግሩ እየመጣ ተቀምጬ ልጠብቀው? አዲስ አበባ ትራፊክ ሲያስቆመኝ ወርጄ፣ ሰላም ብዬ ነበር መንጃ ፈቃድ የማሳየው። የዚህኛው እጅ ወደ ወገቡ ሄደ። ጮኸብኝ።

«አባ፣ ፕሊስ ግባ። እጅህን... ፕሊስ።» የቅዱስ ድምፅ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም።

ገባሁ። ጎንበስ ብሎ ሽበቴን ሲያይ ለዘብ አለ። ልጄን ጓደኛው ይመስል «ባዲ»፣ እኔን «ሰር»። መንጃ ፈቃዱን አየ፣ መለሰ። ምክንያቱ? «ቼክ እያደረግን ነው፣ ሰር።»

ፀጉር ቤት ሳንደርስ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ዓይኑ የኋላ ማሳያው መስታወት ላይ ነበር። ቁልፉን በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀለው።

«ከዚህ በኋላ በባስ ነው የምሄደው።»

«ስለወረድኩ ነው?»

«ኖ አባ። ደክሞኛል፣ ዛትስ ኦል።»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ቁልፉ እዚያው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

መኪና ውስጥ ገብቼ ቀበቶ አሰርኩ። ትንሽ ቆይቼ ነው የተሳፋሪው ወንበር ላይ መቀመጤ የገባኝ። ማንን ነው የምጠብቀው?... ባለቤቴ ውዳሴ በመስኮት አይታኝ ነበር።

ራሴ ነዳሁ። ያው መኪና፣ ያው መንገድ። ከቆመ የፖሊስ መኪና አጠገብ ሆን ብዬ ቀስ እያልኩ አለፍኩ። ፖሊሱ እጁን አነሣልኝ። ሰላምታ።

ፀጉር አስተካካያችን አብርሽ፣ «ጋሼ ፍስሐ፣ ሹፌርዎን አባረሩት እንዴ? ወይስ ደሞዝ አንሶት ጠፋ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ያነጋገረችኝ ሴት ትሑት ናት። አቤቱታ የሚያቀርበው ሹፌሩ ራሱ ነው አለችኝ። የተበደልኩት እኔ አይደለሁማ። አይደለሁም?

ለቅዱስ ነገርኩት። «ወት ፎር፣ አባ? ከዛ ስሜን ያውቁታል። ይብሳል።»

በተወለደበት ከተማ ስሙን መጻፍ ፈራ። ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

በባስ አብሬው ሄድኩ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። እኔ በመስኮት አያለሁ። በዚህ መንገድ ስንቱን አውርቶኛል... ልንወርድ ስንል አንዱን ነቀለ።

«አባ፣ ለምን መኪናውን አትነዳም?»

«ብቻዬን ምን ልሠራ?»

ማዳመጫውን መልሶ አልሰካውም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ለፖሊስ ጣቢያው የአቤቱታውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቅዱስ ጎኔ ተቀምጦ እንግሊዝኛዬን ሲያርም ዋለ። «ቅዳሜ ጠዋቴን ወስዳችሁብኛል» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አባ፣ ይሄ ሊጋል አይደለም፣ የሕግ ነጥብ አይሆንም።»

«እውነት ነው አይደለም?»

«...ያ። እውነት ነው።»

«እንግዲያው ይቀመጥ።»

ተወው። ከዚያ ሳልጠይቀው ስሙን ከስሜ በላይ ጽፎ ፈረመ። ቁልፉ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው። ስለሱ አላነሣሁበትም።

የመጨረሻውን አንቀጽ እዚህ ልገልብጠው።

«ቅዱስ ፍስሐ በየትኛው ጥፋት እንዲቆም እንደተደረገ፣ ጥፋት ካልነበረም ዕድሜው ጥፋት ሆኖ ተቆጥሮ እንደሆነ፣ እስከ ዲሴምበር 5 ቀን ድረስ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን። መልሱ የሚላከው ለእሱ ነው። በሙሉ ስሙ። ‹ባዲ› ተብሎ እንዳይጻፍ።»