እናትህ የሰቀሉት ወረቀት

ሰበታ፣ ግንቦት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ያቤጽ፣

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ቀን፣ ከስልኩ ቀና ስትል «አሁን የት ነው የምሄደው?» ብለህ ራስህን ጠይቀህ የለ? እኔም ጠይቄያለሁ። ያን ዓመት ከትምህርት ቤታችን አንድም ሰው ስላላለፈ ሁላችንም ጠይቀናል። ልዩነቱ አንተ መልሱን ታውቅ ነበር። ያስቀየርኩህ እኔ ነኝ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትቀድደው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ጂሬኛ ነው፣ ሱሉልታ አብሮህ ሲሚንቶ ሲያወርድ የነበረው። ሱሉልታ ከተያየንበት ቀን ወዲህ ስልክህ ዝግ ነው። «ያለበትን አውቃለሁ፣ ግን እንዳልናገር አስምሎኛል። ወረቀት ከሰጠሽኝ ግን እኔ ምን አገባኝ፣ ተሸካሚ ነኝ» አለኝ። ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ከሱሉልታው ቀን ልጀምር። እንደምታውቀው ቡራዩ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ጨርሼ፣ የብቃት ምዘናውንም አልፌ፣ አሁን አንድ ኮንትራክተር ጋ በኮንትራት ነኝ። ሄልሜት አለኝ፣ ስሜ በማርከር ተጽፎበታል። የሰፈር ሰው «መብራት ኃይል መጣች» ይለኛል፤ ደስ ይለኛል። ሱሉልታ የመጣነው ለአንድ አዲስ መጋዘን መስመር ልንዘረጋ ነበር። መሰላል ላይ ሆኜ ቦርዱን ሳገናኝ ፎርማኑ ከታች ይጣራል፦

«ተማሪው! ኧረ ተማሪው፣ ከረጢቱ በእግሩ አይሄድልህም።»

«ተወው ባክህ፣ መመረቂያውን እያሰበ ነው» አለ አንዱ አውራጅ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ያቤጽ። ማን እንደሆነ ሳላይ ሳቅሁ።

ከዚያ ዞር አልኩ። ፊትህ በሲሚንቶ ነጭ ሆኖ ነበር። ያወቅሁህ በጃኬቱ ነው፤ መዘምራኑ አዋጥተን ስንሸኝህ የሰጠንህ ሰማያዊው ጃኬት፣ እጅጌው ተቆርጦ። አንተ ግን መጀመሪያ ያየኸው ፊቴን አልነበረም፣ ቦርዱን ነው።

«ኧርዙን አላሰርሽውም» አልክ። ድምፅህ እንኳ ከፍ አላለም።

ልክ ነበርክ። ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ ረስቼዋለሁ፤ አንድ ሰው ማሽን በነካ ቀን በእኔ ስህተት ይሞት ነበር። ቀና ስል ጀርባህን ሰጥተኸኝ ከረጢቱን ተሸክመህ ትሄዳለህ። መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም። ሽቦውን አሰርኩ። በማግስቱ ስጠይቅ «ጓዙን ይዞ ሄዷል» አሉኝ።

ደረጃ አራት የጨረስኩት እኔ፣ ኧርዙን ያየኸው አንተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል።

ቤተሰቦቻችን በተከራዩበት በኦቦ ሁንዴ ግቢ ቆጣሪው ሲጠፋ ማንን ነበር የሚጠሩት? ዘጠነኛ ክፍል ሆነን እንኳ «ያቤጽን ጥሩልኝ፣ እነዚያ የመንግሥት ሰዎች እስኪመጡ ይመሽብናል» ይሉ ነበር። ለፈተና በአውቶቡስ ዩኒቨርሲቲ የወሰዱን ጊዜ ሌላው ሁሉ በዶርሙና በካፌው ሲደነቅ፣ አንተ ኮሪደሩ ላይ የተቃጠለ ሶኬት አይተህ ስታዝን ነበር። «ሦስት ምድጃ በአንድ ሶኬት ሰክተውበት ነው» አልክ። በማግስቱ ሒሳብ ነበረን።

ውጤቱ ወጥቶ ሁለታችንም ከግማሽ በታች ስንሆን አንተ አላለቀስክም። አስፋልቱ ዳር ቆመን «አብረን ቴክኒክ እንግባ» አልከኝ። «ቡራዩ ኤሌክትሪክ አለ። እኔ እኮ ሀሴት፣ ወንበር ላይ አራት ዓመት መቀመጥ አልችልም። እጄ ይበላኛል።» ቅጹን ሞላን። ፎቶህን በስቴፕለር መታህበት። አንተ በማግስቱ እናትህን ሐኪም ቤት ስለምትወስድ «የእኔንም አስገቢልኝ» ብለህ ሰጠኸኝ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላውን ታስታውሳለህ፣ ግን የምታውቀው ግማሹን ነው። እናትህ ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥተው ገና ጥጡ ከሻሻቸው ሳይራገፍ ስልክህን ይዘው መጡ፤ አንተ ሱቅ ነበርክ።

«ሀሴትዬ፣ ይቺ ምን ትላለች? የልጄ ስም ያለባት መሰለኝ። ስሙን በእንግሊዝኛም ቢሆን አውቀዋለሁ።»

አነበብኩ። ሪሜዲያል ይላል። የዩኒቨርሲቲውም ስም አለበት። ማስረዳት ነበረብኝ፦ «እትዬ ተስፋነሽ፣ ይህ ገና መግባት አይደለም፤ የወደቁት ሄደው ተምረው እንደገና የሚፈተኑበት ነው፤ ካለፈ ይገባል፣ ካላለፈ ይመለሳል» ማለት። ረጅም አይደለም፤ አሁን ስጽፈው አንድ መስመር ተኩል ነው። እኔ ግን «ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል» አልኩ።

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ጎረቤታችን አዴ ጠጅቱ ከጓዳ እየሮጡ ወጡ። ኦቦ ሁንዴ ኮፍያቸውን አውልቀው «ኢልመ ኬኛ፣ የእኛ ልጅ!» አሉ። አንተ ስኳር በላስቲክ ይዘህ በሩ ላይ ቆመህ ሁላችንንም ስታይ ነበር።

እሁድ እናትህ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ወጡ። ከሶዶ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው እንዴት እንደመጡ፣ ስንት ዓመት ክር ሲቀጥሉ እንደኖሩ ተናገሩ። «ጌታ የፋብሪካ ሴት ብሎ አልናቀኝም» ሲሉ ጉባኤው በሙሉ ቆመ። ሽማግሌው ጋሽ ዱቤ እጅ ጫኑብህ። ብርድ ልብስ መጣ፣ ሻንጣ መጣ፣ ጃኬቱ መጣ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት የወጣ ነገር እንደማይመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። የተመሰከረለት በሽታ አያገረሽም፣ የተመሰከረለት ልጅ አይወድቅም። ቢያገረሽ እንኳ ሰውየው ቤቱ ተደብቆ ይታመማል።

ውጭ ስንገናኝ «ምንድን ነው ያልሻቸው?» አልከኝ።

«እውነቱን ንገራቸዋ እንግዲህ።»

«በዚህ ሁሉ እልልታ ላይ?» ብለህ ወዲያው «ቅጹስ ገባ?» አልክ።

«ቦታው ሞልቷል» አልኩህ።

«የአንቺስ?»

«የእኔ ለትንሽ ደረሰ።»

አልሞላም ነበር፣ ያቤጽ። መዝጋቢዋ «ኤሌክትሪክ ብዙ ቦታ አለ፣ ጓደኛ ካለሽ አምጪ» ብላኛለች። ያንተን ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የሰማኋት። አላወጣሁትም።

ለምን? ብዙ ጊዜ ለእናትህ ደስታ ስል ነው ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ። ውሸት ነው። ቴክኒክ ስገባ አፍሬ ነበር። ታክሲ ላይ «የት ነው የምትማሪው?» ሲሉኝ ቶሎ ብዬ «ጓደኛዬ እኮ ዩኒቨርሲቲ ነው» እል ነበር። አንተም አብረኸኝ ብትገባ ሁለት የወደቁ ልጆች ነበርን። አንተ ከሄድክ ግን እኔ ዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ያላት ልጅ ነኝ። አንተን የሸኘሁህ ለዚህ ነው። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ ሦስት ታክሲ እየቀያየርኩ በየቀኑ ይህን ክብር ይዤ ስሄድ ከረምኩ። የሚያናድደው ደግሞ ሙያውን ወደድኩት። የመጀመሪያዋን አምፖል ራሴ በዘረጋሁት መስመር ያበራሁ ቀን ልነግርህ ስልክ አንስቼ ምን እንደምልህ ጠፍቶኝ ዘጋሁት።

ይህም አለ። የሪሜዲያሉ ውጤት ሲወጣ ቁጥርህን አስገብቼ አይቻለሁ። እንዳላለፍክ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ለገና በዓል ሁለት ጊዜ መጥተሃል፤ ሁለቱንም ጊዜ «ካምፓስ እንዴት ነው?» ብዬሃለሁ፣ «አሪፍ ነው» ብለኸኛል። እጅህን ግን አይቼዋለሁ፤ መጽሐፍ እንደዚያ አያሻክርም። እያወቅሁ ነው የጠየቅሁህ።

አሁን ቤት ያለውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ጊዜ የለንም።

ያቺን የስልክ መልእክት እናትህ አሳትመዋት በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋታል፤ ይህን ታውቃለህ። ዳር ዳሩን የፕላስቲክ አበባ ዞሯታል። አዲሱ ነገር ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠሩኝና ከፍሬሙ ሥር ተቀምጠው በጣታቸው ቆጠሩ፦ «አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። አራት ሞላው። ዘንድሮ ነው የሚመረቀው፣ አይደል?» የሪሜዲያሉን ዓመትም እንደ አንደኛ ዓመት ቆጥረውታል። ስልክህ የማይሠራው «ፈተና ላይ ስልክ ስለማያስይዟቸው» ነው ብለው ደምድመዋል። ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቀዋል፣ የሰኔ መጨረሻን ሰጥተዋቸዋል። ጋሽ ዱቤ ለመዘምራኑ ቅጥቅጥ አውቶቡስ እየፈለጉ ነው። ሰኔ ሰባት እሁድ የምረቃው ጉዞ በጉባኤ ይነገራል።

ሱፍም አሰፍተዋል፣ ጥቁር። «አንቺ በገና ያየሽው ነሽ፣ ሰውነቱ ጨምሯል ወይስ ያው ነው?» አሉኝ። ሱሉልታ ያየሁት ትከሻህ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

«ያው ነው፣ እትዬ» አልኩ። ሌላ ውሸት። በድሮው ልክህ ተሰፋ።

ኦቦ ሁንዴ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ አላቸው። ጋሽ ዱቤም ያነባሉ፤ ስንቴ ከዚያ ፍሬም ሥር ቁጭ ብለው ሻይ ጠጥተዋል። ትናንት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጋሽ ዱቤን አግኝቻቸው «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል አይተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ያለፈ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «መቼም ሪሜዲያሉን አልፎ ገብቶ ይሆናል ብዬ። ደግሞ አንዴ ተመስክሯል።» ብቻዬን መስሎኝ ነበር የማውቀው። ያነበበ ሁሉ ዝም ብሏል። እናትህ ብቻ ናቸው የማያውቁት፣ እሳቸው ደግሞ በየቀኑ አቧራውን የሚጠርጉት ናቸው።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ሰኔ ሰባት ጠዋት፣ ከአምልኮ በፊት፣ ቤታችሁ እገባለሁ። ፍሬሙን አውርጄ ያን ቀን ማንበብ የነበረብኝን አነብላቸዋለሁ። ቅጹንም እነግራቸዋለሁ። ያ የእኔ ነው፣ ለሌላ ሰው አልተወውም። ሊመቱኝ ይችላሉ፤ ይምቱኝ። ከኦቦ ሁንዴ ግቢም ልንባረር እንችላለን። አውቶቡሱ ግን እሳቸውን ይዞ እዚያ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ ሄዶ፣ ጥቁር ሱፍ በክንዳቸው ይዘው ስምህ እስኪጠራ ሲጠብቁ ማየት አልፈልግም።

ከወረቀቱ ወዲህ ያለውን ግን እኔ አላውቀውም። የት ትተኛ እንደነበር፣ በእነዚህ ዓመታት ስንት ሺህ ከረጢት እንዳወረድክ፣ እሱን ልነግራቸው አልችልም። እሱ ያንተ ነው። ከዚያ እሁድ በፊት ብትመጣ ፍሬሙን አብረን እናወርደዋለን። ካልመጣህ ብቻዬን አወርደዋለሁ፤ ያኔ እናትህ «የት ነው ያለው?» ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም።

ስለ ሌላውም ጠይቄልሃለሁ፣ እንዳትናደድ። ሙያውን በሥራ የቻለ ሰው ክፍል ሳይገባም ለብቃት ምዘና መቀመጥ ይችላል። ጽንሰ ሐሳቡን እኔ አስይዝሃለሁ፣ ደብተሮቼ በሙሉ አሉ። ተግባሩን ግን አንተ ነህ የምታስተምረኝ። የጥገና ማኅበር ለማቋቋም ሰው እየፈለግሁ ነው፣ እስካሁን ያገኘሁት ራሴን ብቻ ነው። ይህን የምልህ ዕዳዬን ልከፍልህ አይደለም፤ በዚህ አይከፈልም። መሰላል ስወጣ ከታች ቆሞ የሚያይልኝ ሰው ስለሌለኝ ነው።

ቅጽህን ከደብዳቤው ጋር አጥፌዋለሁ። ፎቶህ አሁንም በስቴፕለሩ አለ፣ ፀጉርህን አጭር የተቆረጥክበት። ጀርባው ባዶ ነው። እባክህ እዚያ ላይ መልስ ጻፍልኝ፤ ረጅም አይሁን፣ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» ይበቃኛል። ለጂሬኛ ስጠው። እስከ ሰኔ ስድስት ቅዳሜ ድረስ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሱሉልታ፣ መጋዘኑ በር ላይ እጠብቀዋለሁ።

ኧርዙን አሁን መጀመሪያ ነው የማስረው።

ሀሴት