ስለ ስበት ሽማግሌ የላኩት የመምህር ጋሹ ወልደ ዮሐንስ የሕይወት ታሪክ

መምህር ጋሹ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ዮሐንስ አላምረውና ከእናታቸው ከወይዘሮ እህተ ማርያም ቢያድግልኝ በ1948 ዓ.ም. በቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ገቡ። ሁለተኛ ደረጃን ፍኖተ ሰላም አጠናቀው ከባሕር ዳር በፊዚክስ ዲፕሎማ ተቀበሉ። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ በፍኖተ ሰላም አስተማሩ።

በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ አቻምየለሽ ሰውነት ጋር በተክሊል ተጋብተው ባንተአምላክንና እስከዳርን ወለዱ። ባንተአምላክን ክርስትና ያነሱት የኬሚስትሪው መምህር ዘሩ ናቸው። ሁለቱ መምህራን አንዱ ያለ ሌላው ምሳ የማይቀምሱ ወዳጆች ነበሩ።

መምህር ጋሹን የሚያውቅ ሁሉ ፓዮኒርን ያውቃል። በ1964 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ተልካ ከፀሐይ እየራቀች የሄደች መንኮራኩር ናት። ከምድር የሚከታተሏት ሊቃውንት ፍጥነቷ ከስሌታቸው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ እንዳገኙትና ምክንያቱ እንደጠፋቸው መምህር ጋሹ በ1991 ዓ.ም. ከሬዲዮ ሰሙ። የስበት ሕግ ጎደሎ ይሆን? ወይስ ዓይን የማያየው ጨለማ ቁስ ይጎትታት ይሆን? ጥያቄው ከልባቸው አልወጣ አለ። በጥር 1995 ዓ.ም. ደካማ ድምፅዋ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰማ ሲባል፣ የዘመድ መርዶ እንደተረዳ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ሰነበቱ።

በ1997 ዓ.ም. በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ፊት «የስበት ሕግ በዘመናችን ሳይሻሻል አይቀርም» ሲሉ፣ መምህር ዘሩ «ጋሹ፣ ሰማዩን ከመክሰስህ በፊት የመንኮራኩሯን ዕቃ መርምር። የተሸከመችው የኃይል ምንጭ ሙቀት አለው» አሉ። መምህር ጋሹም «ኬሚስትሪ መቼ ከድስት ወጥቶ ያውቃል!» ብለው መለሱ። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። መምህር ዘሩ ግን በዓመቱ ወደ ቡሬ ተዛወሩ፤ እግራቸውም ከወዳጃቸው ቤት ቀረ።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት መልሱ ተሰማ። መንኮራኩሯን ወደ ኋላ የገፋት ከራሷ የሚወጣው፣ ወደ አንድ ወገን ያመዘነው ሙቀት ነው ተባለ። የባንተአምላክ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበርና መምህር ጋሹ «የክርስትና አባቱ ሳይመርቀው ልጄን አልድርም» ብለው ከሽማግሌዎች ጋር ቡሬ ሄዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አለቃ ይርሳው መንገድ ላይ «ጠባችሁ በምንድን ነው? በድንበር ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው «በስበት ነው» አሉ።

ከመምህር ዘሩ ደጅ ሲደርሱ ድንጋይ ተሸክመው «መሳሳቴስ ይሁን፤ በሰው ፊት ያሳቅሁብህን ይቅር በለኝ» አሉ። መምህር ዘሩም «አውርደው እባክህ! እኔም ገመትሁ እንጂ አላወቅሁም» ብለው አቀፏቸው። መምህር ጋሹ እንባቸውን ሳይጠርጉ «ጨለማው ቁስ ግን ገና አልተፈታም» ቢሉ፣ አለቃ ይርሳው «በሉ፣ በእሱ ደግሞ እንዳትጣሉ!» ብለው ሁሉንም አሳቁ። በጥር ሙሽራውን ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ቆመው መረቁ።

መምህር ጋሹ በ2008 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ታመው በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። በዚያው ዓመት የካቲት የስበት ሞገድ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፣ መምህር ዘሩ ዜናውን አልጋቸው ጠርዝ ተቀምጠው አነበቡላቸው። «እንደገና» አሉ መምህር ጋሹ፤ እንደገና አነበቡላቸው። መስከረም 19 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

መምህር ጋሹ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ቤተሰቡ መምህር ዘሩንም ከወንድም ለይቶ አያያቸውም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ እዚህ ከቆምነው መካከል የተጣላን ካለን፣ ሞት ሳይቀድመን የምንታረቅበትን ልብ ይስጠን። አሜን።